ትልቋ

እናቴ በአማርኛ ወንድና ሴት አትለይም። በወላይትኛ ስትናገር ተሳስታ አታውቅም፤ ወንዱ ወንድ ነው፣ ሴቷም ሴት። አማርኛውን ግን የለመደችው ሶዶ ገበያ ጎደሬ ስትሸጥ፣ ከሚከራከራት ገዢ አፍ እየለቀመች ስለሆነ ፖሊሱም «መጣች» ነው፣ ፓስተሩም «ሰበከች»፣ እኔም «በላች»። ለዚህ በኛ ከተማ ማንም ጆሮውን አያቆምም። ግማሹ ሰው እንደዚያ ይናገራል፤ ሌላው ግማሽ ሰምቶ በሆዱ ያስተካክለዋል። አላስተካክል ያለው ቁልፉ ነው።

ቁልፍ የምንለው ከጆሮ ጀርባ፣ ከቆዳ ሥር የሚቀበረውን ነገር ነው። ስፋቱ የሸሚዝ ቁልፍ ያህላል፤ ስሙም ከዚያው መጣ። የተቀበረለት ሰው የሰማውንና ያነበበውን አይረሳም፤ ቁልፉ የተማረውን ቋንቋ ደግሞ፣ ራሱ ባያውቀውም፣ ይሰማል፣ ይናገራልም። መጀመሪያ ያስገቡት ከሌላ አገር ተመድበው የመጡ ሐኪሞችና የዩኒቨርሲቲ መምህራን ነበሩ፤ ቀጥሎ ልጆቻቸው። ከዚያ የሥራ ማስታወቂያ ላይ፣ ከትምህርት ደረጃው ሥር፣ «ቁልፍ ያለው» የምትል መስመር ተጨመረች፣ አለቀ። ባንክ ቁልፍ፣ መዝገብ ቤት ቁልፍ፣ ዩኒቨርሲቲ ቁልፍ። ለጋብቻ ሲጠያየቁ እንኳ የልጅቷ ጸባይ ቀርቶ «አላት?» ሆነ ጥያቄው። እኛን የሌለንን «ክፍቶች» ይሉናል፤ እንዳልተቆለፈ ሸሚዝ ማለታቸው ነው። ቀልድ ነው ይላሉ። እኔን ግን አስቆኝ አያውቅም።

ለድሃ የሚሰጥ ፕሮጀክት መጣ ሲባል ከተማው ተተራመሰ። ደንቡ አጭር ነበር፤ ለአንድ ቤት አንድ ቁልፍ፣ ለማን እንደሚሆን እናት ትናገራለች። እኛ ቤት ልጆቹ ሁለት ነን፤ እኔ አሮንና እህቴ ቤቴል። መንታ ነን። እኔ ቀደምኩ፣ እሷ ተከተለች። በሰው አገር መንታ ለመንታ እኩያ ነው ይሉ ይሆናል፤ በወላይታ ግን ቀድሞ የወጣው ባይራ ነው፣ በኩር። ሽማግሌ ቤት ሲመጣ የሚጠራው እሱ ነው፤ አባት ሲያልፍ በአባት ቦታ የሚቆመውም እሱ ነው። በዚያ ላይ ከክፍል አንደኛ የምወጣው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ቁልፉ ለማን ይሁን የሚለው ነገር ቤታችን ውስጥ ለውይይት እንኳ አልቀረበም።

ለመጠየቅ የመጣው ወንደሰን የሚባል፣ ሶዶን ገና ያልለመደ የፕሮጀክቱ ሠራተኛ ነው። እሱ ራሱ ፕሮጀክቱ የሰጠው ቁልፍ አለው። እሱ የሚሰማውን ቁልፉ ይሰማል፣ ቁልፉ የሰማው ደግሞ እዚያው ተመዝግቦ አዲስ አበባ ይገባል። እናቴ በእንግዳ ፊት አማርኛ መናገር ክብር ይመስላታል። በወላይትኛ ተናገሪ ቢሏትም እሺ የምትል አልነበረችም። እኔ ደጅ ቆሜ እሰማለሁ።

«ለትልቋ ስጡልኝ» አለች። «ትልቋ ጎበዝ ናት። ትማራለች።»

ትልቋ እኔ ነኝ። ማንም የሶዶ ሰው ይህን ይሰማዋል፤ ቢጠራጠር ደግሞ «ወንዱን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ቁልፉ ግን የቤቱን ሰው ስም አስቀድሞ ይዞ ነበር፤ ትልቋ የተባለችዋን ፈለገ፤ ሴት ልጅ አንድ ብቻ አገኘ። ደጅ ቆሜ ፈገግ ያልኩት ትዝ ይለኛል። በሳምንቱ ቤቴል ሐዋሳ ድረስ እንድትመጣ ተጠራች።

ያን ቀን የሆነውን ማውራት ያንገሸግሸኛል። ቤቴል አልሄድም ብላ አለቀሰች። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። አባታችን ያኔ በሕይወት ነበር፤ ወንደሰን ጋ ሄዶ ቢለምን፣ የተጠራው ሰው ካልመጣ ዕድሉ ለሌላ ቤት ያልፋል ተባለ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ መጥተው ጸለዩና ከቤት ከሚወጣ ለአንዳችሁ ይሁን አሉ። መናኸሪያ ድረስ ሻንጣዋን ተሸክሜ የሸኘኋት እኔው ነኝ። ደግ መስዬ ነበር፤ ውስጤ ግን ይግል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቤቴል ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ እኔ የአጎቴን ባጃጅ ያዝኩ። ባጃጅ ለኔ ዓይነቱ ሰው ይስማማል፤ አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም። ቤት ውስጥ ደግሞ ባሰብኝ። ቤቴል ክፉ አይደለችም፣ ግን ምንም አትረሳም። አንድ ነገር ስናገር፣ «እንዲህ አይደለም ያልከው፤ ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ፣ ጫማህን እያሰርክ ነው ያልከው» ትላለች። ልክ ናት። ሁልጊዜ ልክ ከሆነ ሰው ጋር አብሮ መብላት ምን እንደሚመስል የኖረበት ያውቀዋል። ደግሞ ሌላም አለ። የተገዛ ቁልፍ የሚሠራው ለባለቤቱ ብቻ ነው፤ በነፃ የተሰጠው ግን የሰማውን ሁሉ ለሰጪው ያስቀምጣል። ለቁጥጥር ነው ይላሉ። የሐኪሙ ልጅ የሰማው የራሱ ነው፣ የኛ ቤት ወሬ ግን የፕሮጀክቱም ነው።

ይህን ሁሉ ችዬ ነበር። ያልቻልኩት ሽማግሌዎቹን ነው። አባታችን ከሞተ በኋላ ሃላሌ አካባቢ ያለን መሬት ላይ የድንበር ነገር ተነሣና የአባቴ ዘመዶች እስከ ሶዶ መጡ። ባይራው እኔ ነኝ፤ ልብሴን ቀይሬ፣ የሚባለውን አሰናድቼ ተቀመጥኩ። አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሮአቸውን ጠረጉና ወንበራቸውን ወደ ቤቴል አዞሩት። አባትሽ ስለ ድንበሩ የተናገረውን ቃል በቃል ታስታውሻለሽ ሲሉን ሰምተናል፣ አንቺው ንገሪን አሉ። ነገረቻቸው፣ እስከ አባቴ ሳል ድረስ። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ተነሥቼ ስወጣ አንድ ሰው እንኳ የት ትሄዳለህ አላለኝም።

በማግስቱ ፕሮጀክቱ ቢሮ ሄጄ አቤት አልኩ። ቁልፉ የተባለው ለኔ ነው፣ ባይራው እኔ ነኝ፣ እናቴ ያለችው እኔን ነው፣ በአማርኛዋ ምክንያት ነው የተሳሳታችሁት አልኩ። እውነት ነው እንጂ ሐሰት የለበትም። ስናገር ደስ አለኝ። ከቢሮው ስወጣ ባጃጄን ያለ ተሳፋሪ እስከ ቦዲቲ መንገድ መውጫ ድረስ ዝም ብዬ ነዳሁት።

ሳምራን ያገኘኋት ከዚያ በኋላ ነው። ሳምራ ባንክ ትሠራ የነበረች፣ ከኛ ሰፈር በታች የምትኖር ልጅ ናት። ቁልፏን ያገኘችው ከዚያው ፕሮጀክት ነበር፤ ቤታችሁ ደንቡን አያሟላም፣ በስህተት ነው የተሰጠሽ ተብሎ እንደተዘጋባት ወሬ ሰምቻለሁ። መናኸሪያው በር ላይ ባጃጄ ውስጥ ገባችና «ወደ ቤት» አለችኝ። በየት ልሂድ ስላት አፏን ከፈተች፣ ምንም አልወጣም። ሳቀች። ከዚያ ስሜን ልትጠራ ሞከረች፣ አልመጣላትም፤ አብረን አንድ ክፍል ነው የተማርነው። ቁልፉ ሲዘጋ የያዘው ብቻ አይደለም የሚሄደው፤ ጭንቅላት ራሱ ሁሉን ነገር ለሱ ትቶ ስለኖረ፣ መያዝ ረስቶ ይቀራል። ቤቷ አድርሼ ለእናቷ ሰጠኋት። እናቷ ተቀብላኝ፣ እንደ ሕፃን ጫማዋን አወለቀችላት።

ባጃጁን አዙሬ በቀጥታ ወንደሰን ጋ ገባሁና አቤቱታዬን ትቼዋለሁ አልኩት። አይተውም አለ። አንዴ ገብቷል፣ አጣሪ ከአዲስ አበባ ይመጣል። ነገሩን በዋናነት የሚወስነው የእናትየዋ ቃል ነው። እናቴ ያልኩት አሮንን ነው ካለች የቤቴል ይዘጋል፣ ለኔ ይቀበርልኛል። ያልኩት ቤቴልን ነው ካለች ደግሞ የሷ ይጸናል፣ እኔ በሐሰት የከሰስኩ ሆኜ ዳግመኛ ለምንም ነገር አላመለክትም። «ሁለቱም የማይጎዱበት የለም?» አልኩት። ደንቡን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም ብሎ ዓይኑን ከኔ አሸሸ።

ቤት ስገባ ቤቴል አውቃ ነበር። ማስታወቂያው የደረሳት በዚያው በቁልፏ ነው፣ ያውም የዚያኑ ቀን። አልጮኸችብኝም። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። ከግድግዳው ማዶ ሆና የጓደኞቿን ስም፣ የመምህሮቿን ስም፣ የመንገዱን ስም እየጠራች ታጠናለች፤ ከተዘጋ በኋላ የሚቀር እንዲኖራት። ግን እንዴት ብላ ትለየዋለች? ስሙን የሚያቀብላት ቁልፉ ይሁን ራሷ፣ እሷም አታውቅም። አንድ ቀን ከሰዓት ልብስ ስታሰጣ ቀረብኩና ልናገር ብዬ ቆምኩ። እሷ ቀደመችኝ።

«የአባባን ድምፅ ታስታውሰዋለህ?» አለችኝ።

«አስታውሳለሁ።»

«ድምፁን ነው የምልህ። እኔ ጋ አለ። እሱም አብሮ ይሄዳል።»

ማሰጫው ላይ ያለውን የራሴን ሸሚዝ ያለ ምክንያት ገለበጥኩት።

ከዚያ እስከ ቀጠሮው ድረስ ሰው አልነበርኩም። ተሳፋሪ ሳልጭን እነዳለሁ፣ የጫንኩትን አልፌ አወርዳለሁ። ዳሞታ ተራራ ላይ ደመና ሲያርፍ አየሁና ቢዘንብ፣ መንገድ ቢበላሽ፣ አጣሪዋ ባትመጣ ብዬ ተመኘሁ። ወዲያው ደግሞ ትምጣ፣ እውነቱ ይውጣ፣ ለምን እኔ ሁልጊዜ እቀራለሁ እላለሁ። ሁለቱንም ነበር የምፈልገው። ቁልፉንም እፈልጋለሁ፣ ቤቴልም እንዳትነካ እፈልጋለሁ። ያሉኝ ሐሳቦች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሲተኛ አንዱ ይነሣል።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት፣ ቤቴል ውስጥ ስትለብስ፣ እናቴ ባጃጁ አጠገብ መጣች። እኔ ሞተሩን በጨርቅ እጠርጋለሁ፤ ንጹሕ ነበር። በወላይትኛ ምን ልበል ልጄ አለችኝ። እናቴ ቦሼ በሴቶች ጸሎት መሪ ናት፤ ገበያ ላይ እንኳ ትናንት የተቆፈረውን ጎደሬ የዛሬ ነው ብላ አትሸጥም። ዋሺልን ልላት አልደፈርኩም። ደግሞ እውነቱን ብናገር፣ እንድትዋሽም አልፈለግሁም።

«እውነቱን በይ» አልኳት።

አየችኝ። ነጠላዋን አስተካክላ ገባችና ተቀመጠች።

ፕሮጀክቱ ቢሮ የጠበቀችን አጣሪ የማርያምወርቅ ትባላለች። በዕድሜ እናቴን ብታክል ነው፤ የተገዛ፣ ጥሩ ቁልፍ ያላት ሴት ናት። እናቴን በወላይትኛ ሰላም አለቻት። ንጹሕ ወላይትኛ ነው፣ ሬዲዮ ላይ ዜና እንደሚያነቡት። ቁልፉ አሁን ወላይትኛን ጠንቅቆ ተምሯል፣ ያለፈው ዓይነት ስህተት እንዳይደገም በራስዎ ቋንቋ ይናገሩ አለቻት በትሕትና። እኔ ያን ጊዜ አለቀ አልኩ። በወላይትኛ ወንዱ ወንድ ነው፣ ሴቷም ሴት። መደበቂያ የለም። ቤቴል ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ መሬት መሬት ታያለች።

እናቴ ራሷን ነቀነቀች።

«ያኔ በአማርኛ ነበር የተናገርኩት» አለች። «አሁንም በአማርኛ ነው።»

«እንደፈለጉ» አለች የማርያምወርቅ። «ትልቋ ሲሉ ማንን ነበር?»

እናቴ ከወንበሯ ተነሣች። ማንም ተነሺ አላላትም። እጆቿን ፊት ለፊቷ አጣምራ፣ ቤተ ክርስቲያን ምስክርነት እንደምትሰጥ ሆና ቆመች።

«ቤቴልን ነው» አለች። «ቤቴል ቀድማ መጣች። አሮን ከኋላ መጣ። ትልቋ እሷ ናት። እሱ ታናሽ ነው።»

አንዲት ስህተት የለባትም። ለቤቴል መጣች፣ ለኔ መጣ። ዕድሜዬን ሙሉ በአማርኛ በላች፣ ተኛች፣ አደገች ስባል የኖርኩ ሰው፣ እናቴ አፍ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድ ሆንኩ፤ እሱም ታናሽ ልታደርገኝ ስትል ነው። ለብቻዋ ስትለማመደው እንደሰነበተች ገባኝ። አንዷን ቃል ብታስታት ቤቴል እንደምትጠፋ አውቃ፣ አማርኛዋን እንደ ስለታም ቢላዋ በጥንቃቄ ያዘችው።

ተቆጣሁ፣ መደበቅ አልፈልግም። ቁልፉን ሊነሱኝ ይችላሉ፣ እሺ። ባይራነቴን ግን ማን ሰጣት ልትሰጥ? የአባቴን ቦታ፣ ከማንም በፊት ወደዚህ ዓለም መምጣቴን? አንድ እሱ ብቻ ነበር የኔ የሆነው፤ ማንም ገዝቶ ከቆዳው ሥር ሊያስቀብረው የማይችለው ነገር።

የማርያምወርቅ ወደኔ ዞረች። «አንተ ደግሞ ቀዳሚው እኔ ነኝ ብለሃል» አለች። «ከሁለት አንዳችሁ ተሳስታችኋል። ምስክር ካለህ አሁን ጥራ፤ ከዚህ በኋላ አንመለስበትም።»

ምስክር አለኝ። ያዋለደችን የአባቴ እህት ፈጠነች ጉኑኖ ነው የምትኖረው፤ ቁጥሯ ኪሴ ውስጥ ባለው ስልኬ ላይ አለ። ሞቅ ያለች፣ ሁሉን በዝርዝር የምትናገር ሴት ናት፤ ቀድሞ የወጣውን ልጅ በምን እንደጠቀለለችው ሳይቀር ትነግራቸዋለች። እጄ ኪሴ ውስጥ ገባ። ስልኩን ያዝኩት። እናቴ እንደቆመች ናት፤ ወደኔ አላየችም፣ አልለመነችኝም። ቤቴል ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ጸሎት መሰለኝ፤ ጆሮዬን ስጥል ግን የኛን የሦስታችንን ስም ነበር የምትደጋግመው። ቦሼ፣ አሮን፣ ቤቴል። ቦሼ፣ አሮን፣ ቤቴል።

እጄን ባዶውን አወጣሁት።

«እናቴ ልክ ናት» አልኩ። «ታናሿ ነኝ። ቀንቼ ነው የከሰስኩት።»

ቀንቼ ያልኩት እውነት ነበር፤ ለዚያ ይሆናል ድምፄ ያልተሰበረው። የማርያምወርቅ አየችኝ። ያመነችኝ አይመስለኝም። ግን ቃሉ ተቀርጿል፣ ደንቡም ደንብ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ማመልከት እንደማልችል በእርጋታ አስረዳችኝና ተነሥታ እናቴን በሁለት እጇ ጨበጠቻት።

ደጅ ስንወጣ እናቴ እጅጌዬን ያዘችኝ። ፊቷ ተለዋውጧል። በወላይትኛ ልትነግረኝ አፏን ከፈተች፤ ምን ልትል እንደነበር አውቃለሁ። ከዚያ ከኋላችን የቆመችውን ቤቴልን አየች፤ ፊቷን ሳይሆን ጆሮዋን። አፏን መልሳ ዘጋች። ያኔ ነው እኔም የገባኝ። ቤቴል የሰማችው ይቀመጣል፣ ቁልፉ አሁን ወላይትኛም ያውቃል። እውነቱ ቤታችን ውስጥ አንዲት ጊዜ ከተነገረ፣ ሹክሹክታም ቢሆን፣ ይሄ ሁሉ ከንቱ ነው። እናቴ ጮክ ብላ ነው የምትጸልየው፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል። ይህችን ኃጢአት ግን ቤቷ ውስጥ ለጌታም በድምፅ ልትናገራት አትችልም።

ቤት ገብተን ምሳ ቀረበ። የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ፣ በሚያቃጥለው የቃሪያ ማባያ ነበር። እናቴ ትኩሱን እየላጠች በእጃችን ነው የምታቀብለን፤ ቀድሞ የሚቀበል ባይራው ነው። የመጀመሪያውን ላጠች፤ እጇ በልማድ ወደኔ መጣና መሐል ላይ ቆመ። ጎደሬው ይተናል። ወደኔም አልመጣ፣ ወደ ቤቴልም አልሄድ አለ። ቤቴል ቀና ብላ አየችኝ። ሁሉን ታውቃለች፣ እናታችን ማንን ማለቷ እንደነበር ከመጀመሪያውም ታውቃለች፤ ግን ማወቋን በቃል ልትነግረኝ አትችልም።

«ታላቄ እያለች ለኔ ታስቀድሚያለሽ እንዴ?» አልኩ፣ ቁልፉ ደህና አድርጎ እንዲይዘው ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ለሷ ስጪ።»

ቤቴል በሁለት እጇ ተቀበለች። አቀርቅራ በላች፤ እንባዋ ዳጣው ላይ ይንጠባጠባል፣ እኔም እናቴም አታልቅሺ አላልናትም።